ኢስታንቡል ሄጄ ጡቴን በሲሊኮን ላሰራ ነው ላለችው እህት

እህቴ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ፣ ሌላውም ሰው እንዲገባው መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። 29 ዓመትሽ ነው፣ ዱባይ ነው የምትሰሪው፣ ልጅሽን ካጠባሽ በኋላ ጡትሽ ባዶ ቀረብሽ፣ ኢስታንቡል ያለ ክሊኒክ ደግሞ ሰርጀሪውን ከነሆቴሉ ከነኤርፖርት መቀበያው በ5 ቀን ፓኬጅ ልስራልሽ ብሎሻል፣ 400 ሲሲ መጠን መርጠሽ ፎቶሽን በዋትሳፕ ልከሻል፣ አሁን ቀብድ ልትልኪ ነው። የጠየቅሽው ሶስት ነገር ነው፦ ሲሊኮኑ ካንሰር ያመጣል ወይ፣ ሌላ ልጅ ብወልድ ማጥባት እችላለሁ ወይ፣ ክሊኒኩ «አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ ነው» ያለኝ እውነት ነው ወይ። እኔ ፕላስቲክ ሰርጀን ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምሰራው፣ ውጭ ተሰርተው ችግር ሲገጥማቸው ወደኛ የሚመጡ ሴቶችን ስለማይ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትቀየሚኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። እውነት አይደለም። ዕድሜ ልክ ይቆያል ተብሎ የሚሸጥ ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ የሚገባው የሲሊኮን ቦርሳ፣ ካለ የሚሸጥልሽ ሰው እየዋሸሽ ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2021 ያወጣው ትዕዛዝ አምራቾቹ ምርታቸው ላይ ከባድ የሚባለውን በሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ ነው የሚለው፣ እዛ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ነገር ይሄ ዕቃ የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፣ በቆየ ቁጥር ችግር የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል የሚል ነው። ሴትየዋም ነጥብ በነጥብ አንብባ የምትፈርምበት ቅጽ አብሮ ወጥቷል። ሁለቱ ትልልቅ አምራቾች ራሳቸው ሴቶችን 10 ዓመት ተከታትለው ያወጡት ውጤት አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውበት ካስገቡት 100 ሴቶች ውስጥ በአንደኛው ኩባንያ ጥናት 25 አካባቢ፣ በሌላኛው 36 አካባቢ የሚሆኑት በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና ሰርጀሪ ገብተዋል። የሻጩ ራሱ ቁጥር ነው ይሄ። አንቺ ደግሞ ገና 29 ነሽ፣ 10 ዓመት ለአንቺ 39 ማለት ነው፣ ስለዚህ ከአሁኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገና እከፈታለሁ ብለሽ፣ ገንዘቡንም ለዛ አስበሽ ነው መወሰን ያለብሽ። እኔ «አደገኛ ነው አትሰሪ» እያልኩሽ አይደለም፣ ብዙ ሴቶች ተሰርተው ደስተኛ ሆነው ይኖራሉ። የምልሽ ግን ከኢስታንቡል ይዘሽ የምትመለሺው ዕድሜሽን ሙሉ ክትትል የሚፈልግ ነገር መሆኑን ነው፣ ዋናው ጥያቄም በ5ኛው በ8ኛው ዓመት ማን ነው የሚያይሽ፣ የት፣ በማን ገንዘብ የሚለው ነው።

ለምን ይበላሻል ለሚለው። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በስስ ሽፋን ይከበዋል፣ እሾህ ቆዳ ውስጥ ሲቀር ዙሪያውን እንደሚያጠነክረው ማለት ነው። ካፕሱል ነው የምንለው፣ እያንዳንዷ ሴት ላይ ይሰራል፣ ችግር የለውም። ችግሩ አንዳንዴ ይሄ ሽፋን ይወፍርና እየተኮማተረ ኢምፕላንቱን ይጨምቀዋል። መጀመሪያ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ በደረትሽ ስትተኚ አንዱ ጡት እንደበፊቱ አይመቻችም፣ ከዛ ከአንዱ አንዱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲነካ ጠንከር ይላል፣ እየባሰ ሲሄድ ክብ ኳስ ይመስልና በልብስም ይታያል፣ መጨረሻ ላይ ያማል፣ ይቀዘቅዛል። እኛ ቤከር በሚባል ደረጃ ከ1 እስከ 4 እንለካዋለን፣ 1 ለስላሳ የተፈጥሮ የሚመስል ነው፣ 3 እና 4 ሲደርስ ነው ሰርጀሪ የሚያስፈልገው። በእነዛው የ10 ዓመት ጥናቶች ላይ ከ100 ሴቶች ከ12 እስከ 19 የሚሆኑት 3 ወይም 4 ደርሰዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ኢምፕላንቱ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ትንሽ ባክቴሪያ፣ በሰርጀሪው ጊዜ የቀረ ደም፣ ከጡንቻ በላይ መቀመጡ ዕድሉን ይጨምራሉ። አንዴ ከጠነከረ በማሸት ይመለሳል የሚሉሽን አትስሚ፣ መክፈት ነው፣ ካፕሱሉን ማውጣት ነው፣ ከዛም በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው መቀደድ ነው። ውስጡ ጨው ውሃ ያለው ዓይነት ከሆነ ሲቀደድ ወዲያው ይታወቃል፣ በቀናት ውስጥ ጡቱ ይሟሽሻል፣ ውሃውን ሰውነት ይመጠዋል። ሲሊኮን ጄል ግን ተቀዶም ምንም ላይታወቅ ይችላል፣ አያምም፣ ቅርጹም አይለወጥም፣ ጄሉ እዛው ካፕሱሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ወጥቶ ብብት ስር ያለ ንፍፊት ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ኤፍዲኤ ምንም ባያምሽም ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ታይ፣ ከዛ በየ2 እና 3 ዓመቱ ድገሚ የሚለው። አሁን አስቢው፣ ይሄን ምርመራ ክሊኒኩ ፓኬጅ ውስጥ አላስገባልሽም። ዱባይ ያለው ኢንሹራንስሽ ለውበት የተሰራ ነገር የሚያመጣውን ችግር ይሸፍን እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ፣ አብዛኛው ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ወደ አገር ቤት ብትመለሺ አልትራሳውንድም ኤምአርአይም አዲስ አበባ አለ፣ ግን ኢምፕላንት ማንበብ የለመደ ራዲዮሎጂስት ፈልጎ ማግኘት ነው ስራው፣ ክፍለ ሀገር ከሆንሽ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል።

እሺ ካንሰሩ። እዚህ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። በየቀኑ የምንሰማው የጡት ካንሰር፣ ከጡት እጢና ቱቦ የሚነሳው፣ ኢምፕላንት ባስገቡ ሴቶች ላይ ጨምሮ አልታየም፣ ይሄ በብዙ ጥናት የታየ ስለሆነ በዚህ አትጨነቂ። ሌላ ግን አለ፣ ቢአይኤ ኤኤልሲኤል የሚባል ሊምፎማ፣ ማለትም ከጡቱ ሳይሆን ኢምፕላንቱን ከከበበው ካፕሱል ውስጥ ካሉ የነጭ ደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር። በጣም ጥቂት ሴት ላይ ነው የሚመጣው፣ ግን እውነት ነው። ኤፍዲኤ ግንኙነቱን በ2011 ተናገረ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ራሱን የቻለ በሽታ ብሎ መዘገበው፣ እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ኤፍዲኤ ጋር ከዓለም ዙሪያ የደረሰው ሪፖርት 1,264 ነበር፣ ከነሱ 63ቱ ሞተዋል። በዓለም ላይ ኢምፕላንት ያላቸው ሴቶች በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ ቁጥሩን ከዛ ጋር አያይዘሽ እዪው። ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ታሪካቸው ከታወቀው ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ ቴክስቸርድ የሚባለው፣ ላዩ ሻካራ የሆነው ኢምፕላንት አለበት። ሻካራ የተደረገው እንዳይዞርና ካፕሱሉም እንዳይኮማተር ታስቦ ነበር፣ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ፈረንሳይ በ2019 ሚያዝያ በጣም ሻካራዎቹን አገደች፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ አለርጋን የሚባለው አምራች ባዮሴል የተባለውን ሻካራ ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። ግን ከአሜሪካ ውጭ ሌሎች ቴክስቸርድ ዓይነቶችን አሁንም የሚያስገቡ ክሊኒኮች አሉ፣ ስለዚህ ለስላሳ ነው ሻካራ፣ የማን ምርት ነው፣ ስሙ ምንድነው ብለሽ በጽሁፍ አስመልሺ። «ምርጥ ጥራት ያለው የአውሮፓ ሲሊኮን» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ምልክቱ ደግሞ ቶሎ አይመጣም፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ነው፣ ደህና የነበረ አንዱ ጡት በሳምንታት ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፣ አንዳንዴ እብጠት ወይም ብብት ስር ጉብታ ይኖራል። እንዲህ ከሆነ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ ሲዲ30 ለሚባል ምርመራ ወደ ላብ መላክ አለበት፣ ዝም ብሎ ቀድቶ መድፋት ወይም አንቲባዮቲክ ሰጥቶ መሸኘት ትልቅ ጥፋት ነው። በጊዜ ከተያዘ ኢምፕላንቱን ከነካፕሱሉ ሙሉ ለሙሉ በማውጣት አብዛኞቹ ይድናሉ። በ2022 ደግሞ ኤፍዲኤ ካፕሱሉ ላይ የታዩ ሌሎች ካንሰሮችንም ገልጿል፣ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ለስላሳውም ላይ ታይተዋል። በጥቅሉ ያው ነው፣ ከዓመታት በኋላ አዲስ እብጠት፣ አዲስ ህመም፣ ቆዳ ላይ ለውጥ ካየሽ በሳምንቱ ታይ፣ «ሲሊኮን አለብኝ» ብለሽ አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ። ይሄን የምለው ስላየሁ ነው፣ ሴቶች እዚህ ሐኪም ጋር ሲመጡ ያፍሩና ይደብቁታል፣ ሐኪሙም ሳያውቅ ሌላ ነገር ያክማል። 40 ሞልቶሽ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስትነሺም እንደዛው፣ ኢምፕላንቱ የጡቱን የተወሰነ ክፍል ስለሚጋርድ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት አለባቸው፣ ካልነገርሻቸው አያውቁም። አገራችን ላይ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢምፕላንት ስታስገቢ ሊሰጥሽ ስለሚገባው ካርድ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፒፕ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር፣ ባለቤቱ ዣን ክሎድ ማስ፣ ለህክምና የተፈቀደውን ሲሊኮን ትቶ ለፋብሪካ የሚውለውን ርካሽ ሲሊኮን እየሞላ ሲሸጥ ቆይቶ በ2010 ተደረሰበት፣ በ2013 ማርሴ ላይ 4 ዓመት ተፈረደበት። እስከዛ ድረስ ግን 65 አካባቢ አገሮች ውስጥ 300,000 የሚሆኑ ሴቶች አስገብተውት ነበር። ካርድ ያላት ሴት ቁጥሩን አይታ ታውቃለች፣ የሌላት ደግሞ ውስጧ ያለው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የቀረችው። ኢምፕላንቱ ሳጥን ላይ የሚለጠፍ የአምራቹ ስም፣ መጠኑና ሲሪያል ቁጥሩ ያለበት ስቲከር አለ፣ ለቀኝና ለግራ ለየብቻ፣ ከኦፕሬሽን ክፍል ስትወጪ እሱ የተለጠፈበት ካርድ እጅሽ ካልገባ ከክሊኒኩ እንዳትወጪ። ፎቶ አንስተሽ ለእናትሽ ወይም ለእህትሽም ላኪ።

ማጥባትን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ኢምፕላንት ኖሯቸው ያጠባሉ፣ አንቺ ደግሞ አንዴ አጥብተሽ ስላየሽው ጥሩ ነው። ወሳኙ የሚቆረጥበት ቦታ ነው፣ ከጡት ስር ባለው እጥፋት ከገቡ ቱቦዎቹንም ነርቩንም ብዙ አይነኩም፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ጠርዝ ከገቡ ግን ወተት የመቀነስ ዕድሉ ይበዛል። ሲሊኮኑ ወደ ወተቱ ይገባል ለሚለው፣ ኢምፕላንት ያላቸውና የሌላቸው እናቶች ወተት ሲለካ ልዩነት አልተገኘም፣ እንዲያውም የላም ወተትና የቆርቆሮ ወተት ላይ ያለው ሲሊከን (ሲሊኮን የሚሰራበት ንጥረ ነገር) ከፍ ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። የጡት ጫፍ ስሜት ግን ሊደነዝዝ ወይም በተቃራኒው ሲነካ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዷ ላይ በዛው ይቀራል። በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ልጅ ካሰብሽ ግን የኔ ምክር ቆዪ ነው፣ እርግዝናና ማጥባት ጡቱን እንደገና ለውጦት የከፈልሽበት ነገር ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ልጅሽን ጡት ያስጣልሽውም በቅርቡ ከሆነ 6 ወር ያህል ይለፈው፣ ጡቱ ገና ቦታውን አልያዘም።

ያልጠየቅሽኝ ግን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «ባዶ ቀረ» ስትዪ ወርዷልም ማለትሽ ይሆን? መስታወት ፊት ያለ ጡት ማስያዣ ቁሚና በጎን እዪው፣ የጡትሽ ጫፍ ከስር ካለው እጥፋት በላይ ነው ወይስ በታች? ከወረደ ሲሊኮን ብቻ አያነሳውም፣ ኢምፕላንቱ ላይ ይቀመጥና የራስሽ ጡት ከሱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ድርብ ጡት ይመስላል። ያኔ የሚያስፈልግሽ ማንሳት ነው፣ ብቻውን ወይም ከኢምፕላንት ጋር፣ ሁለቱ ባንዴ ሲሰሩ ደግሞ ቁስል የመከፈትና ድጋሚ የመሰራት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይሄ በዋትሳፕ ፎቶ አይወሰንም፣ ሰርጀኑ በእጁ ነክቶ፣ የደረትሽን ስፋት በሜትር ለክቶ፣ ቆዳሽን ቆንጥጦ ነው የሚያውቀው። በመጠን ላይም ያው ነው፣ 400 ሲሲ ይሁንልኝ ብለሽ ከወሰንሽ በኋላ ነው ፎቶ የላክሽው፣ ለቀጭን ደረት ትልቅ ኢምፕላንት ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ጠርዙ በቆዳ ይታያል፣ ሲያጎነብሱ ይጨማደዳል፣ ከጊዜ በኋላ በክብደቱ ከእጥፋቱ በታች ይወርዳል። እባክሽ መጠኑን ደረትሽ ይወስነው።

አሁን የ5 ቀኑ ጉዳይ። ደም መፍሰስ በብዛት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጡት በድንገት ይወጠራል፣ ያማል፣ ይጠቁራል፣ ወዲያው ኦፕሬሽን ክፍል ተመልሶ መጽዳት አለበት፣ ያኔ እዛው ነሽ ደህና። ኢንፌክሽን ግን ብዙ ጊዜ ከተመለስሽ በኋላ ነው ብቅ የሚለው፣ መቅላት፣ ሙቀት፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ። ከ100 ሴት አንድ ሁለቷ ላይ ይደርሳል፣ ከበረታ ኢምፕላንቱ ወጥቶ ወራት ተጠብቆ ነው ሌላ የሚገባው፣ እስከዛ በአንድ ጡት ትኖሪያለሽ ማለት ነው። ወደ ሌላ አገር ሄደው ከተሰሩ ሴቶች ጋር የሚመጣ አንድ ክፉ ባክቴሪያ ደግሞ አለ፣ ማይኮባክቴሪየም አብሰሰስ ይባላል፣ የቲቢ ዘመድ ነው፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው በተመለሱ አሜሪካውያን ላይ በ2013 እና 2014 በቡድን ታይቷል። ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቀይ ጉብታ ሆኖ ይጀምራል፣ ይፈነዳል፣ በተለመደው አንቲባዮቲክ ዝም ይልና ይመለሳል። እኛ አገር ላይ የሚያሰጋኝ፣ መግሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲቢ ስለሚመስል የቲቢ መድኃኒት ሊጀመርልሽ ይችላል፣ የተለመደው የቲቢ መድኃኒት ደግሞ እሱን አያድነውም። ቁስልሽ ከሳምንታት በኋላ ካልደረቀ ወይም አዲስ ጉብታ ካወጣ «ውጭ አገር ተሰርቻለሁ፣ ካልቸር ይላክልኝ» በይ፣ ባክቴሪያውን ላብ ውስጥ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ነው።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ከደረት ወይም ከሆድ ሰርጀሪ በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ሳትበሪ ቆዪ ይላል፣ ያንቺ ፓኬጅ ደግሞ ምርመራውንና ሰርጀሪውን ጨምሮ 5 ቀን ነው። ከሰርጀሪ በኋላ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፣ ፕሌን ላይ ተቀምጦ መቆየት ያባብሰዋል፣ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ባትሽ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ነገ እሄዳለሁ አትበዪ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ሂጂ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደሽ ካልሆነ አትሂጂ፣ አሰሪሽ ካልፈቀደ ቀኑን ለውጪው።

ሲጋራም ሺሻም ካለ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብለሽ አቁሚ፣ በኋላም 4 ሳምንት፣ ሺሻ ሲጋራ አይደለም የሚሉ ብዙ አሉ፣ ኒኮቲኑ ያው ነው፣ የደም ስር አጥብቦ ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለአኔስቴዥያ ሐኪሙ ንገሪው፣ ልብ ምትና ደም ግፊት ስለሚጨምር ሊያውቀው ይገባል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የነጭ ሽንኩርት ካፕሱል፣ ምናምን የምትወስጂውን ሁሉ ዘርዝሪ፣ ደም ያቀጥናሉ። ኬሎይድስ? ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትቆስዪ ጠባሳሽ አብጦ የቀረ ከሆነ፣ ወይ እናትሽ ወይ እህትሽ ላይ ካለ፣ ይሄ እኛ ጥቁሮች ላይ ይበዛል፣ ደረት ደግሞ ኬሎይድ የሚወድ ቦታ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ቢደበቅም ሊያሳክክ ሊያሳምም ይችላል፣ ሰርጀኑ አስቀድሞ ካወቀ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ መርፌና የሲሊኮን ፕላስተር እያደረገ ሊቆጣጠረው ይሞክራል፣ ያንን ደግሞ ዱባይ ያለ ሐኪም ነው የሚያደርግልሽ እንጂ የኢስታንቡሉ አይደለም።

አንድም ሌላ፣ ካስገቡ በኋላ ድካም፣ መርሳት፣ የመገጣጠሚያ ህመም፣ ጸጉር መርገፍ የሚሰማቸው ሴቶች አሉ። የሚያረጋግጥ ምርመራ የለውም፣ አንዳንዶቹ ሲያወጡት ይሻላቸዋል። እኔ ከነሱ ጋር ተቀምጬ ሰምቻቸዋለሁ፣ ማንም «የሀሳብሽ ነው» ብሎ ሊያባርራቸው አይገባም፣ መጀመሪያ ታይሮይድ፣ ደም ማነስና ሌላው ይታይ፣ ከዛ ማውጣት ከፈለገች ታውጣ። ስታወጪው ግን ጡቱ ወደ ድሮው አይመለስም፣ ቆዳው ተለጥጦ ይቀራል፣ ያንን ለማንሳት ሌላ ሰርጀሪ ይሆናል።

ዋጋው ከብዶሽ ውበት ሳሎን ውስጥ በመርፌ ጡት የሚያስተልቅ ጄል ወይም ፈሳሽ ሲሊኮን አለ የሚልሽ ካጋጠመሽ በፍጹም። እሱ በቦርሳ ውስጥ የለም፣ በስጋው መሀል ይሰራጫል፣ ማውጣት ሲያስፈልግ ጡቱን ራሱን እየቆረጥን ነው።

ቀብዱን ከመላክሽ በፊት ለክሊኒኩ ጻፊለት፦ የሚሰራኝ ሰርጀን ስሙና ፈቃዱ ማን ነው፣ ከሰርጀሪው ቀን በፊት በአካል ያየኛል ወይ፣ ኢምፕላንቱ የማን ነው፣ ላዩ ምን ዓይነት ነው፣ ከጡንቻ በላይ ነው በታች፣ በየት በኩል ትገባላችሁ፣ ከተመለስኩ በኋላ ኢንፌክሽን ቢመጣ ወይም በሁለተኛው ዓመት ቢጠነክር የሰርጀሪውን፣ የሆስፒታሉንና የትኬቱን ማን ይከፍላል። ዱባይም እንዲከታተልሽ የሚስማማ ሰርጀን ከመሄድሽ በፊት ፈልጊ፣ ብዙዎቹ ሌላ ሰው የሰራውን አንነካም ስለሚሉ ታመሽ ከመጣሽ በኋላ መፈለግ ከባድ ነው። የሚመልሱልሽን እንዳለ እዚህ ለጥፊልኝ፣ የኢምፕላንቱን ስምና ዓይነት ካየሁ በኋላ የሚታየኝን እነግርሻለሁ፣ ጡት ያስጣልሽበትን ጊዜና የጡትሽ ጫፍ ከእጥፋቱ በላይ ይሁን በታችም አብረሽ ጻፊ።